ጨዋ አረማመድ

በእኛ ቤት ወተት አይገባም፤ ሲራመዱም ኮቴ አይሰማም። ሌላው ሁሉ በድርድር ነበር።

ስለ ወተቱ የጠየቀ ሰው የለም። አያቴ «እኛን አይስማማንም» ብላለች፣ አለቀ። እኔ ግን ስድስት ዓመቴ ነበርና ነገሩን በራሴ መንገድ አጣርቼ ደረስኩበት። አንድ ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ትኩስ ወተት በብርጭቆ ስትሰጠኝ አያቴ ከበሩ ደረሰች። ብርጭቆውን ከእጄ መንጭቃ ደፋችው። ፊቷ አመድ መስሏል። ልብስ ሰፊዋ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ብትላት ባዶውን ብርጭቆ አስታቀፈቻት። እዚያው ቆሜ አሰብኩና ወተት የእኛን ቤተሰብ እንደሚገድል ተረዳሁ። ሌላ ሰው ይጠጣዋል፣ ይወፍርበታል፤ እኛን ግን ይገድለናል። ለማንም አልተናገርኩም። የቤተሰብ ምስጢር አይደል!

የአረማመዱ ነገር ግን ታሪክ ነበረው። እናቴ አንድ ታላቅ ወንድም ነበራት፤ ገና ልጅ ሳለ የሞተ፣ እኔ ቀርቶ እሷም በቅጡ የማታስታውሰው። በምን ሞተ ሲባል «በትኩሳት» ይባላል፣ ወሬውም እዚያ ላይ ይዘጋል። አያቴ ስሙን አትጠራም። «ጨዋው» ነው የምትለው። ባሏ ዳቦ ቤት የሌሊት ፈረቃ ይሠራ ስለነበር ቀን ቀን ይተኛል። ጨዋው ታዲያ አባቱን እንዳይቀሰቅስ በእግሩ ጣቶች ብቻ ነበር የሚሄደው። ማንም ሳይነግረው! ውጭ ሲወጣም ያው ነው። ጫማው ከፊት አልቆ ተረከዙ አዲስ ነበር። «ቆጣቢም ነበር» ትላለች አያቴ።

በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ በአጎቱ ወጣ። እሱም ሲሄድ ተረከዙ መሬት አይነካም። አያቴ ይህን ያየች ቀን እልል ልትል ምንም አልቀራትም አሉ። «ጨዋነት በደም ይወርዳል!» አለች። በደም የሚወርድ ነገር እንዳለ ልክ ነበረች፤ የወረደው ነገር ስሙ ሌላ ነበር እንጂ።

ባቱ ደግሞ ጉድ ነው፤ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ከሰውነቱ ጋር የማይሄድ። የሰፈሩ ሰው «ኳስ ተጫዋቹ» ይለዋል። ተጫዋቹ ሮጦ አያውቅም። ደረጃ ሲወጣ የብረቱን መደገፊያ ይዞ እንደ ጡረተኛ ነው። ከመሬት ሲነሳ ደግሞ መጀመሪያ በእጁ መሬቱን ይገፋል፣ ከዚያ ጉልበቱን፣ ከዚያ ታፋውን እየጨበጠ ራሱን በራሱ ላይ ይወጣል። እናቴ «ስንፍና ነው» ትላለች። አያቴ «የተረጋጋ ልጅ ነው» ትላለች። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ አስተያየቱን በስልክ ነበር የሚሰጠው። «በደንብ ይብላ» ይላል፣ ሁልጊዜ።

እኔ ኮቴዬ የፈረስ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ቤቱን አፈረስሽው! ጨዋው እኮ በዚህ ወለል ላይ ሲሄድ አይጥ እንኳ አትሰማውም ነበር!» ስትለኝ ትውላለች። መሞገስ ማን ይጠላል? ተለማመድኩ። ከጓዳ እስከ በር፣ ከበር እስከ ጓዳ በጣቶቼ ጫፍ። ባቴ ይቃጠላል፣ ጥርሴን ነክሼ እቀጥላለሁ። አንድ ቀን አያቴ አየችኝና «ተመስገን፣ አሁን ሰው ሆንሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ተረከዜን ያየው የለም።

ዛሬ ጫማ ነጋዴ ነኝ። የልጅ አሮጌ ጫማ ሲመጣልኝ ሳላስበው ገልብጬ ሶሉን አያለሁ። ሠራተኞቼ ስለ ቆዳው ጥራት የምመረምር ይመስላቸዋል።

ያኔ በጣቶቼ መሄድ ከጀመርኩ ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ የትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ወደቀና ክርኑ ተሰበረ። ሆስፒታል ወሰድነው። አጥንት ሐኪሙ፣ ቁመቱ የሚያስፈራ ቁጡ ሰውዬ፣ «ነገ ጠዋት አስተኝተን በሽቦ እናያይዘዋለን፤ ምንም እንዳይቀምስ» አለና ወጣ።

አያቴ «ምንም እንዳይቀምስ» ሲባል ሰምታ ክው ብላ ቀረች። ከዚያ ዘበኛ ሆነች። ገና ለነገ ጠዋት ነው የተባለውን ከሰዓት በኋላ ጀመረችው። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ዓይኗን ከአፉ ላይ አትነቅልም። አጠገቡ ያለው ታማሚ ብርቱካን ቢሰጠው ነጥቃ መለሰችለት። አፉን ከፍቶ እንዲያሳያት አደረገች፣ አሸተተችው። እናቴ «ኧረ እማዬ፣ ለነገ ነው እኮ የተባለው!» ስትላት «ዝም በይ፣ አንቺ አታውቂም» አለቻት። እኔ በበኩሌ አያቴ ወንድሜን መጥላት ጀምራለች ብዬ አዘንኩ።

አመሻሽ ላይ አንዲት አጭር ሴት መጣች። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ወደ ወንድሜ ጎንበስ ብላ «ነገ የማስተኛህ እኔ ነኝ፤ የማደንዘዣ ሐኪም ነኝ። እስክትነቃ ድረስ ከአጠገብህ የትም አልሄድም» አለችው። እኔ በልቤ «አስተኚዋ» አልኳት። ከዚያ እናቴን መጠየቅ ጀመረች።

«የሚወስደው መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ወስዶ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ከቤተሰብ ውስጥስ፣ በማደንዘዣ ችግር የገጠመው ሰው አለ?»

«የለም» አለች እናቴ። አያቴ ተነስታ የመስኮቱን መጋረጃ ታስተካክል ጀመር። መጋረጃው ምንም አልሆነም ነበር።

አስተኚዋ ጨርሳ ልትሄድ ስትል እስክሪብቶዋ ወድቆ አልጋው ሥር ገባ። እኔ ዘልዬ አወጣሁላትና እንግዳ ፊት በመሆኔ ከወትሮው አሳምሬ፣ በጣቶቼ ጫፍ ተራምጄ አቀበልኳት። እጇ እስክሪብቶው ላይ እንዳለ ቀረ።

«እስቲ ድገሚው። እግርሽን ያምሻል እንዴ?»

«አያመኝም። ጨዋነት ነው።»

«ምንድነው?»

«ጨዋነት። ወንድሜም እንደዚህ ነው የሚሄደው። አጎቴም እንደዚህ ነበር። በደም ነው የሚወርደው።»

እናቴ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ እባክሽ አትስሚያት ዶክተር» አለች አፍራ።

«ዛሬ ይበቃል» አለች አስተኚዋ። ተረከዜን እንዳስቀምጥ ነገረችኝ፤ ያለ ችግር ተቀመጠ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገልጣ የወንድሜን ባት ዳሰሰች። የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ ልታጥፍ ሞከረች፣ እምቢ አለ።

«ከመሬት ሲነሳ እንዴት ነው የሚነሳው?»

እናቴ «እንደ ሰው» ልትል አፏን ስትከፍት፣ እኔ «ላሳይሽ!» ብዬ ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። መሬቱን ገፋሁ፣ ጉልበቴን ጨበጥኩ፣ ታፋዬን ጨበጥኩ፣ ራሴን በራሴ ላይ ወጣሁ። ወንድሜ በደህናው እጁ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፤ አስመስዬዋለሁ። አስተኚዋ ግን አልሳቀችም። መነጽሯን አደረገች።

«አጎትሽ አሁን የት ነው ያለው?»

«ሞቷል።»

«በትኩሳት ነው» አለች እናቴ ፈጥና። «እኔ ሕፃን ነበርኩ።»

አስተኚዋ እንደገና ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች። «የማይስማማው ነገር አለ? ምግብም፣ መድኃኒትም ቢሆን።»

«የለም።»

ይህንስ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የወንድሜ ነፍስ ናት። «ወተት!» አልኩ። «ወተት ይገድለናል።»

መጋረጃው ከነቀለበቱ ተነቅሎ አያቴ እጅ ላይ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ድምፅዋ የሷ አልነበረም።

«ማንም። ራሴ ደረስኩበት።»

አያቴ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መጋረጃውን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ እናቴን ሳታይ፣ ለሐኪሟ ብቻ ተናገረች።

«ትኩሳት አልነበረም። ቶንሲል ሊወጣለት ነበር። ምንም እንዳይቀምስ ተባልኩ። ጠዋት ራበኝ ብሎ አለቀሰ… አንጀቴ አልቻለም። በሲኒ ወተት ሰጠሁት። ገባ። አልወጣም። ሐኪሙ መጥቶ የሰጠሽው ነገር ነበር ወይ ሲለኝ፣ ወተት አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ለአባቱ ትኩሳት ገደለው አልኩት፣ ለሁሉም እንደዚያው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይኸው አለሁ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የብርቱካኑ ሰውዬ ወደ ግድግዳው ዞሮ የተኛ መሰለ።

አስተኚዋ ወንበር ስባ ከአያቴ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። ያጽናናቻት አይምሰላችሁ፤ መጠየቋን ነው የቀጠለችው። የዚያን ጊዜ የፖሊስ ምርመራ ይህ ነው ብዬ ያመንኩትም ለዚህ ነው።

«እማማ፣ አስመልሶ ነበር?»

«አላስመለሰም። ልብሱ ንጹሕ ነበር፤ እኔው ነኝ ያጠብኩት።»

«ሳል፣ ትንታ የሚል ነገር ነገሩዎት?»

«የለም። ነርሷ ናት እያለቀሰች የነገረችኝ። የሚያስተኛውን ጋዝ ከፍተውለት፣ መርፌውን እንደ ወጉት መንጋጋው አልከፈትም አለ። እንጨት ሆነ። ከዚያ ልቡ ቀጥ አለ።»

አስተኚዋ መነጽሯን አወለቀች። «እማማ፣ ይሄ ወተት አይደለም።»

«ምን?»

«አልዋሽዎትም፤ ወተቱን መስጠትዎ ልክ አልነበረም። ግን ወተት የሚገድለው ወደ ሳንባ ገብቶ ነው፤ ያስመልሳል፣ ያስላል፣ ያፍናል። መንጋጋ አያደርቅም። ልጅዎ የጡንቻ በሽታ ነበረበት። ይሄም ልጅ ያው በሽታ ያለበት ይመስለኛል። በእናት በኩል ነው የሚመጣው፣ ወንዶቹን ነው የሚይዘው። እንዲህ ያለ ልጅ ያን መርፌ ወይ ያን ጋዝ ሲያገኝ ጡንቻው ይፈርስና ከውስጡ የሚወጣው ነገር ልብን ያቆማል። ያኔ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። የሰጡትም አላወቁም፣ እርስዎም አላወቁም።»

አያቴ ከዚህ ሁሉ አንዷን ነገር ብቻ ይዛ ቀረች። «ጨዋ ነበር እኮ» አለች። «አባቱን እንዳይቀሰቅስ ነው…»

«ጨዋም ይሆናል» አለች አስተኚዋ። «ተረከዙ ግን መሬት አይደርስለትም ነበር።»

አያቴ አለቀሰች። እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ድምፅ አውጥታ፣ መጋረጃውን ፊቷ ላይ ጭና። እኔ አስተኚዋን በዓይኔ ገደልኳት። አያቴን ይዛ፣ መርምራ፣ አናዝዛ አስለቀሰቻት፤ ጥፋቷ ተደረሰበት ማለት ነው ብዬ። ስትወጣ ጸጉሬን ልትዳብስ ስትል ራሴን ወሰድኩባት። ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። አያቴ ያን ቀን ያለቀሰችው ስለተያዘች አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ ታስራ የተፈታችው ያን ቀን ነው።

እናቴ ግን ልጇን ማየት ጀምራ ነበር። «ይቅርብኝ» አለች። «ክንዱ ጠማማ ሆኖ ይኑርልኝ። አላስገባም!»

«ጣቶቹን ንኪያቸው» አለቻት አስተኚዋ። «እየቀዘቀዙ ነው። ካልተስተካከለ እጁን ያጣል። ጋዝ አልሰጠውም፣ ያንንም መርፌ አልሰጠውም፤ በደም ሥር ብቻ በሚገባ ሌላ መድኃኒት አስተኛዋለሁ። ዛሬ ደሙንና ልቡን እናያለን። አደጋ የለውም አልልሽም። የምፈራውን ነገር ግን አሁን አውቄዋለሁ።»

እናቴ አያቴን አየቻት። አያቴ አፍንጫዋን ጠረገች። «አንቺው ራስሽ ነሽ የምታስተኚው?»

«እኔው ራሴ ነኝ።»

«ይግባ» አለች አያቴ።

በማግስቱ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ባለ ክብ መስታወት ነበር። እኔም ወንበር ላይ ወጥቼ አየሁ። ማሽን አለ። አንድ ሰው ከላዩ ጣሳ የሚመስሉ ነገሮችን ነቅሎ ወሰደ፣ ቱቦዎቹን ሁሉ በአዲስ ቀየረ። ከዚያ ማሽኑ ብቻውን መተንፈስ ጀመረ። ጥቁሩ ፊኛ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፣ ይነፋል። አልጋው ላይ ማንም የለም። አጥንት ሐኪሙ እጁን ታጥቦ፣ ወደ ላይ አንስቶ ይንጎራደዳል።

«ባዶ አልጋ ነው እንዴ የምናስተነፍሰው?» ሲል በበሩ ክፍተት ሰማሁ።

«አዎ፤ እስኪጠራ ድረስ» አለች አስተኚዋ።

«የማሽኑ መመሪያ ላይ እስከተጻፈው ሰዓት ድረስ? ወይስ እስከ ምሳ?»

«እስኪጠራ።»

ገባኝ። እኛን ቆሻሻ አድርገውናል። ሰው ዕቃ የሚያጥበው ከተጠቀሙበት በኋላ ነው፤ እኛ ግን ገና ሳንነካው አጠቡብን። ለእናቴ ስነግራት አልሰማችኝም። አሁን አሁን ለራሴ እያስታወስኩ እስቃለሁ። ከእኛ ሳይሆን ለእኛ ነበር የሚያጥቡት፤ ከቀድሞው ታማሚ የተረፈች የጋዝ ሽታ እንኳ ወደ ወንድሜ እንዳትደርስ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተከበርኩበት ቀን የለም፤ እኔ ግን ተቀይሜ ቁጭ ብያለሁ።

ወንድሜን ወሰዱት። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አያቴ ኮሪደሩን ትመላለሳለች። እኔም ተከትያት ተነሳሁ፤ ቢያንስ ቢያንስ በጨዋ አረማመድ ላጅባት ብዬ በጣቶቼ ጫፍ። ዞር ብላ አየችኝ። ትከሻዬን ይዛ ወደ ታች ተጫነችኝ።

«ረግጠሽ ሂጂ» አለችኝ። «ተረከዝሽን ረግጠሽ ሂጂ፤ ልስማሽ።»

ረገጥኩ። ኮሪደሩ አስተጋባ። አንዲት ነርስ ከክፍል ወጥታ «እሽሽ!» ስትለን፣ አያቴ «ተያት! ትርገጥ!» ብላ ጮኸችባት። ሁለታችን ተረከዛችንን እየመታን ሄድን፣ ተመለስን፣ ሄድን። በሩ እስኪከፈት ድረስ አላቆምንም።

አስተኚዋ ቆቧን በእጇ ይዛ ወጣች። ግንባሯ ላይ የቆቡ ምልክት አለ። «ነቅቷል» አለች። «ማሽኑ ላይ ስንት ቁልፍ እንዳለ ጠየቀኝ።» እናቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ተፈቀደለት፣ ከዚያ የፈለገውን። አያቴ ሳትናገር ወጣች። ስትመለስ ከታች ካለው ካፌ ብርጭቆ ይዛለች፣ በሻይ ማስቀመጫ ሳህን የተከደነ። ደረጃውን ስትወጣ ፈሶባት ሳህኑ እርጥብ ነው። ገለጠችው። ወተት።

«አትጠጣ!» ብዬ ጮህኩ።

ወንድሜ እኔን ያያል፣ ብርጭቆውን ያያል፣ አያቴን ያያል። አያቴ አልተቆጣችም። ብርጭቆውን ወደ ራሷ አፍ አስጠግታ ዓይኗን ጨፍና ተጎነጨች፣ ዋጠች፣ ጠበቀች። «ይኸው» አለችኝ። «አልሞትኩም።» ለእሱ ሰጠችው። ወንድሜ እስከ መጨረሻው ጠጣና ከንፈሩ ላይ ነጭ ጢም አበቀለ። አያቴ በመዳፏ ጠረገችለት፣ መዳፏንም አልታጠበችም።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበርም ሆኖ ብዙ ኖረ። ጀርባው ሊቀና ሌላ ቀዶ ጥገና ባስፈለገው ጊዜ አያቴ ሆስፒታሉ በር ላይ ጀምራ «ጋዝ አይሰጠውም! ያ መርፌ አይሰጠውም!» እያለች ዘበኛውንም፣ ጽዳት ሠራተኛዋንም፣ አበባ ሻጩንም አስጠነቀቀች። እሷ ያስጠነቀቀችው ሁሉ ሰማ፤ ደህና ወጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ ልቡ ደክሞ የሞተው በገዛ አልጋው ነው፤ እጁ እጄ ውስጥ ነበር። እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ጠዋት ጠዋት አያቴ ወተት ታሞቅለት ነበር። እሱም «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ብሎ ተቀብሎ ብርጭቆውን ባዶ ሳያደርግ አይመልስም። እሷ ከሞተች በኋላ እኔ ተተካሁ። የመጀመሪያው ቀን አሙቄ ሳመጣለት አየውና ወደ እኔ መለሰው።

«ከእንግዲህ አታምጪልኝ» አለ። «ወተት አልወድም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ሆስፒታል ከጠጣሁት ቀን ጀምሮ። ሽታው ራሱ ያቅለሸልሸኛል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርካትም?»

ጥያቄዬ ገርሞት አየኝ።

«እንዴት ብዬ?» አለ።

ጨዋ ነበር።